ስልሳ አንዱ ድምፅና ያልተያዙት ወንበሮች፦ ስድስተኛው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከሰሜን ሸዋ ሲታይ

በደብረ ብርሃን፣ በመሐል ሜዳ ወይም በአረርቲ «የእናንተን ምርጫ ክልል ወክሎ ፓርላማ የገባው ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ ስሙን ሳያመነታ የሚጠራለት ሰው በቀላሉ አያገኝም። ይህ በጥናት የተደረሰበት ነገር ሳይሆን በዞኑ የሚኖር ሰው ሁሉ የሚታዘበው ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር ቤት ቀርበው ጥያቄ በሚመልሱበት ቀን ግን ቴሌቪዥን ያለበት ቡና ቤት ይሞላል፤ የማዳበሪያ ዋጋ፣ የመንገድ መዘጋት፣ የጸጥታው ነገር ይነሳ እንደሆነ ሁሉም ጆሮውን ጥሎ ያዳምጣል። ሰዉ ምክር ቤቱን የሚያውቀው በአዳራሹና በንግግሩ እንጂ ወንበሩ ላይ በተቀመጡት ሰዎች አይደለም። በመስከረም 2014 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ስድስተኛው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመጨረሻ የሥራ ዓመቱን በያዘበት በዚህ ጊዜ፣ በወንበሮቹ ላይ እነማን እንደተቀመጡ፣ የትኞቹ ወንበሮች ሰው ሳያገኙ እንደቀሩና ጉባኤውን ማን እንደመራው ማየቱ ተገቢ ነው።

ሰሜን ሸዋ ሲባል በዚህ ጽሑፍ የሚታሰበው በአማራ ክልል የሚገኘው ዞን ነው። በኦሮሚያ ክልልም ዋና ከተማው ፍቼ የሆነ ሰሜን ሸዋ ዞን ስላለ፣ በዜና ላይ ሁለቱ ሲምታቱ መስማት የተለመደ ነው።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ ከሕጉ እንጀምር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 የምክር ቤቱ አባላት በየአምስት ዓመቱ እንዲመረጡ፣ ቁጥራቸውም ከ550 እንዳይበልጥ፣ ከዚህም ውስጥ ቢያንስ 20 መቀመጫ የተለየ ውክልና ያስፈልጋቸዋል ተብሎ ለታመነባቸው አነስተኛ ብሔረሰቦች እንዲሰጥ ይደነግጋል። በተግባር የተከፋፈለው መቀመጫ 547 ነው። ኦሮሚያ 178፣ አማራ 138፣ የቀድሞው የደቡብ ክልል 123፣ ትግራይ 38፣ ሶማሌና አዲስ አበባ እያንዳንዳቸው 23 ሲኖራቸው፣ የቀሩትን 24 መቀመጫዎች ቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ አፋር፣ ጋምቤላ፣ ሐረሪና ድሬዳዋ ይከፋፈሏቸዋል። ለአርጎባ ብሔረሰብ የተለየው መቀመጫም ከአነስተኛ ብሔረሰቦች መቀመጫዎች አንዱ ነው፤ አርጎባዎች ከደቡብ ወሎ ሌላ በሰሜን ሸዋም በአንኮበርና በቀወት አካባቢ ስለሚኖሩ ነገሩ እኛንም ይመለከታል።

አንድ መቀመጫ የሚገኘው ከአንድ ምርጫ ክልል ሲሆን፣ ከተወዳዳሪዎች መካከል ከፍተኛውን ድምፅ ያገኘው ሰው ያልፋል፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም። ይህ አሠራር በመላ አገሪቱ ተሠራጭቶ የሚወዳደርን ትልቅ ፓርቲ አብልጦ ይጠቅማል፤ በየቦታው ሁለተኛ የሚወጣ ፓርቲ ብዙ ድምፅ ቢሰበስብም በወንበር ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል።

ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ተካሄደ። መጀመሪያ በ2012 ዓ.ም. ሊደረግ የታቀደው ምርጫ በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ሲተላለፍ፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሰኔ 2012 ዓ.ም. በሰጠው የሕገ መንግሥት ትርጓሜ የአምስተኛው ምክር ቤት ዕድሜ ስለተራዘመ፣ ያ ምክር ቤት ከአምስት ዓመቱ አልፎ ስድስተኛ ዓመቱን ሠርቷል። ምርጫ ቦርድ ሐምሌ 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ባሳወቀው ውጤት መሠረት፣ ድምፅ ከተሰጠባቸው 436 መቀመጫዎች ውስጥ ብልጽግና ፓርቲ 410ሩን አሸነፈ። የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ (አብን) 5፣ የኢትዮጵያ ዜጎች ለማኅበራዊ ፍትሕ (ኢዜማ) 4፣ የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት 2፣ የግል ተወዳዳሪዎች ደግሞ 4 መቀመጫ አገኙ። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በሶማሌ፣ በሐረሪና በደቡብ የተወሰኑ አካባቢዎች ሁለተኛው ዙር ተካሂዶ ምክር ቤቱ ወደ 470 የሚጠጉ አባላት ይዞ ሥራውን ጀመረ።

ይህን ከቀደሙት ጋር ማስተያየት ይገባል። በ1997 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ተቃዋሚዎች ከ170 በላይ መቀመጫ ማግኘታቸው ታውጆ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል። በ2002 ዓ.ም. ከገዢው ግንባርና ከአጋሮቹ ውጪ የገቡት መድረክ የተባለው የተቃዋሚ ፓርቲዎች ስብስብ አንድ ተወካይና አንድ የግል ተወዳዳሪ ብቻ ነበሩ፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ አንድም አልገባም። በዚህ ሚዛን ስድስተኛው ምክር ቤት አሥራ አምስት ያህል ሰው ከገዢው ፓርቲ ውጪ መያዙ ለውጥ ነው፤ ሆኖም ሁለት ሦስተኛ ድምፅ የሚጠይቅን ጉዳይ ገዢው ፓርቲ ብቻውን ሊወስን እስከቻለ ድረስ ለውጡ የሚታየው በውሳኔ ላይ ሳይሆን በክርክር ላይ ነው። ከ547 መቀመጫ ሁለት ሦስተኛው 365 ሲሆን፣ ፓርቲው በመጀመሪያው ዙር ብቻ ያገኘው 410 ነበር።

ስለ አምስተኛው ምክር ቤት ሳይነሳ መታለፍ የሌለበት ሌላም ነገር አለ። በ2007 ዓ.ም. ሕዝቡ ድምፅ የሰጠው ለኢሕአዴግና ለአጋር ፓርቲዎች ነበር። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ከግንባሩ አባል ድርጅቶች ሦስቱና አጋሮቹ ተዋሕደው ብልጽግና ፓርቲ ሲሆኑ፣ ሕወሓት ደግሞ ከውሕደቱ ሲወጣ፣ የምክር ቤቱ የፓርቲ መልክ አንድም መራጭ ካርድ ሳያወጣ ተለወጠ። ሰዎቹ ያው ሰዎች ናቸው፤ ወንበሩም ያው ወንበር ነው፤ የተቀመጡበት ስም ግን ሌላ ሆነ። አባል የሚመረጠው እንደ ሰው ነው ወይስ እንደ ፓርቲ የሚለው ጥያቄ በዚያን ጊዜ በደንብ አልተነሳም፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ባዶዎቹ ወንበሮች እንምጣ። ከ547 ውስጥ 470 ያህል ከተያዙ ሰባ ሰባት የሚጠጉት ሰው አላገኙም ማለት ነው። ከእነዚህ 38ቱ የትግራይ ናቸው። በጦርነቱ ምክንያት በዚያ ምርጫ አልተደረገም፤ የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላም ክልሉን የመራው ጊዜያዊ አስተዳደር ሲሆን የፌዴራል ወንበሮቹ ባዶ እንደሆኑ ቆዩ። የቀሩት ባዶ ወንበሮች በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በሌሎችም ክልሎች በጸጥታ ችግር ምርጫ ያልተካሄደባቸው ቦታዎች ናቸው። ሰኔ 16 ቀን 2016 ዓ.ም. በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በአፋር፣ በሶማሌና በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ቀሪና ድጋሚ ምርጫ ተደርጎ የተወሰነው ሞላ። የአማራ ክልል ቀሪ ቦታዎች ግን በዚያ ውስጥ አልነበሩም።

ከእነዚህ ውስጥ ሰሜን ሸዋ የራሱ ድርሻ አለው። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬና አካባቢዋ የደረሰባቸውን ቃጠሎና ግድያ የማያስታውስ የዞኑ ነዋሪ የለም። ምርጫው የዋለው ከዚያ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ሲሆን፣ በቆላው ወገን እንደ ሸዋሮቢትና ማጀቴ ባሉ ምርጫ ክልሎች ድምፅ ሳይሰጥ ቀረ። ደጋው መርጦ ቆላው ያልመረጠበት ዞን ሆንን። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በዚያው መስመር ሸዋሮቢትን አልፎ እስከ ደብረ ሲና አካባቢ ሲደርስ፣ ከማንም በላይ ጉዳት የደረሰበት ሕዝብ በምክር ቤቱ ተነስቶ «የእኔ ሕዝብ» የሚልለት የራሱ ተመራጭ አልነበረውም።

እዚህ ላይ ሊቀርብ የሚችል መልስ አለ። ሕገ መንግሥቱ በዚያው አንቀጽ 54 የምክር ቤቱ አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች እንደሆኑ፣ ተገዥነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው እንደሆነ ይናገራል። ስለዚህ ከሞጣ ወይም ከሆሳዕና የተመረጠው ሰው የሸዋሮቢትም ተወካይ ነው ሊባል ይችላል። በሕግ ዓይን ትክክል ነው። በኑሮ ግን ሰው ለአቤቱታ የሚሄደው ወደሚያውቀውና ነገ ድምፁን ሊነፍገው ወደሚችል ሰው ነው፤ ካልመረጠው ሰው ፊት ቆሞ የሚለምነውና ከመረጠው ሰው ፊት ቆሞ የሚጠይቀው አንድ አይደሉም።

ይህ ባዶነት በአሠራርም ላይ የራሱን ጥያቄ ያስነሳል። አንቀጽ 58 ምልዓተ ጉባኤ የሚሟላው ከአባላቱ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሲገኙ ነው ይላል። የምን ግማሽ? ከ547 መቀመጫዎች ከታሰበ 274 ሰው መገኘት አለበት፤ ከተመረጡት 470 ከታሰበ ግን 236 ይበቃል። ልዩነቱ 38 ነው፤ ከትግራይ መቀመጫዎች ቁጥር ጋር መግጠሙ ግጥምጥሞሽ ብቻ ቢሆንም ዓይን ይይዛል። «አባላቱ» የሚለው ቃል የተመረጡትን ሰዎች የሚያመለክት መሆኑ አሳማኝ ነው፤ ያልተመረጠ ሰው አባል ሊሆን አይችልምና። ይህ ትርጓሜ ግን ባዶ መቀመጫዎች በበዙ ቁጥር አገሪቱን የሚያስተዳድረው ሕግ በጥቂቶች እጅ ሊጸድቅ የሚችልበትን በር ይከፍታል። ውሳኔ የሚተላለፈው በስብሰባው ከተገኙትና ድምፅ ከሰጡት በአብላጫው ስለሆነ፣ በሁለት መቶ ሠላሳ ስድስት ሰው ጉባኤ አንድ መቶ አሥራ ዘጠኝ እጅ ይበቃል ማለት ነው።

ሌላም የማይቆጠር ባዶነት አለ። ከወለጋና ከሌሎች ቦታዎች ተፈናቅለው በደብረ ብርሃን ዙሪያ በመጠለያ የሚኖሩት ሰዎች የተመዘገቡበት ቀበሌ ሌላ፣ ያሉበት ቦታ ሌላ ነው። የትኛው ተመራጭ የእነሱ ነው?

ከተያዙት ወንበሮች ስንነሳ፣ በቁጥር ረገድ በቀና ዓይን የሚታየው የሴቶች ድርሻ ነው። በስድስተኛው ምክር ቤት ሴቶች 41 በመቶ ያህሉን ይዘዋል፤ በአምስተኛው ከ38 በመቶ ትንሽ ከፍ ያለ ነበር። ምክትል አፈ ጉባኤዋ ወይዘሮ ሎሚ በዶም ሴት ናቸው። ይህ የአብላጫ ድምፅ ሥርዓቱ በራሱ የሚያመጣው ውጤት ሳይሆን ዕጩዎችን የሚያቀርበው ፓርቲ ውሳኔ ነው፤ ፓርቲው ዝርዝሩን ሲለውጥ ቁጥሩም አብሮ ይለወጣል።

ከገዢው ፓርቲ ውጪ የገቡት ጥቂቶች ከቁጥራቸው በላይ ተሰምተዋል። ለዚህ አንዱ ምክንያት ጠቅላይ ሚኒስትሩ በቀረቡ ቁጥር የአማራ ክልልን ሁኔታ፣ እስርንና መፈናቀልን በቀጥታ የሚያነሱት በአብዛኛው እነሱ መሆናቸው ነው። ሌላው የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢነት በዘመኑ መጀመሪያ ለተቃዋሚ ተመራጭ፣ ለአብን አባሉ ለአቶ ክርስቲያን ታደለ መሰጠቱ ነበር። የዋናው ኦዲተር መሥሪያ ቤት ሪፖርት የሚመረመረው በዚህ ኮሚቴ ስለሆነና መሥሪያ ቤቶች ስላላወራረዱት ገንዘብ በሕዝብ ፊት ስለሚጠየቁ፣ በዚያ ዘመን ከቋሚ ኮሚቴዎች ሁሉ በይበልጥ የሚታወቀው ይህ ነበር። ሰብሳቢው በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ታሰሩ፤ ምክር ቤቱም በ2016 ዓ.ም. ያለመከሰስ መብታቸውን አነሳ። ሕገ መንግሥቱ አንድ አባል ከባድ ወንጀል ሲፈጽም እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በስተቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ እንደማይያዝና በወንጀል እንደማይከሰስ ስለሚደነግግ፣ መጀመሪያ መያዝ ቀጥሎ ፈቃድ መጠየቅ የሚል ቅደም ተከተል ትክክል ነው ወይ የሚለው ክርክር ከአንድ ሰው ጉዳይ የሚያልፍ ነው። የጸሐፊው አስተያየት የቅደም ተከተሉ ነገር ለማንኛውም ወንበር፣ ለገዢውም ፓርቲ ወንበር ጭምር፣ ዋስትናው ነው የሚል ነው።

ተቃዋሚዎች ወደ አስፈጻሚው መግባታቸውም የዚህ ዘመን መለያ ነበር። መስከረም 26 ቀን 2014 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ያጸደቀው የሚኒስትሮች ዝርዝር ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋን ከኢዜማ፣ ዶክተር በለጠ ሞላን ከአብን፣ አቶ ቀጄላ መርዳሳን ከኦነግ አካትቷል። ሚኒስትር ለመሆን የምክር ቤት አባል መሆን ግዴታ ባለመሆኑ ይህ ሊሆን ቻለ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግን ከአባላቱ መካከል የሚመረጡ በመሆናቸው ዶክተር ዐቢይ አሕመድ በጅማ ዞን በሻሻ ተወዳድረው ማለፍ ነበረባቸው። የተቃዋሚ መሪ ካቢኔ ውስጥ፣ የዚያው ፓርቲ ተመራጭ ደግሞ ካቢኔውን ጠያቂ ወንበር ላይ መሆኑ ለኢዜማም ለአብንም ቀላል ሆኖ አልተገኘም፤ በሁለቱም ፓርቲዎች ውስጥ ክፍፍል ታይቷል።

አሁን ወደ ርዕሱ እንግባ። መጋቢት 13 ቀን 2015 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ሕወሓትን ከአሸባሪነት መዝገብ ለመሰረዝ የቀረበውን ውሳኔ በአብላጫ ድምፅ አጸደቀ። ስያሜውን የሰጠው ሚያዝያ 28 ቀን 2013 ዓ.ም. አምስተኛው ምክር ቤት ነበር። የስረዛው ድምፅ ሲቆጠር 61 ተቃውሞና 5 ድምፀ ተአቅቦ ተመዘገበ። ዜናው ያለፈው «በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ» ተብሎ ነው። ነገር ግን ስድሳ አንድን ከላይ ከቆጠርነው ጋር እናስተያየው። ተቃዋሚዎችና የግል ተመራጮች አምስት፣ አራት፣ ሁለትና አራት ተደምረው አሥራ አምስት ናቸው። ሁሉም ተገኝተው ሁሉም ተቃውመው ነበር ቢባል እንኳ የቀሩት አርባ ስድስት ያህል እጆች ከገዢው ፓርቲ ወንበሮች የወጡ መሆን አለባቸው።

ይህ በኢትዮጵያ የምክር ቤት ታሪክ ትንሽ ነገር አይደለም። ምክር ቤቱ የመንግሥት ዋና ተጠሪ አለው፤ በዚህ ዘመን ቦታውን በሚኒስትር ማዕረግ የያዙት ዶክተር ተስፋዬ በልጂጌ ናቸው። የዋና ተጠሪው ሥራ የገዢው ፓርቲ አባላት በአጀንዳዎች ላይ አንድ ሆነው እንዲቆሙ ማድረግና መንግሥት የሚያቀርባቸው ጉዳዮች በጊዜያቸው እንዲያልፉ ማስተባበር ነው። ያ ሁሉ ባለበት ያን ያህል ሰው ከፓርቲው መስመር ወጥቶ እጁን ሲያወጣ፣ ከላይ ያነሳነው ጥያቄ፣ አባል የሚመረጠው እንደ ሰው ነው ወይስ እንደ ፓርቲ የሚለው፣ አንድ ቀን ለአንድ ሰዓት ያህል መልስ አገኘ ማለት ይቻላል። ስለ ተቃዋሚ ሲወራ የሌላ ፓርቲ አባላትን ብቻ የሚቆጥር ትንታኔ ይህን ያልፈዋል። በአንድ ፓርቲ በተሞላ ምክር ቤት ልዩነት የሚኖረው በወንበሮች መካከል ሳይሆን በአንድ ወገን ወንበሮች ውስጥ ነው።

ይሁንና ሕዝብ የሰማው ቁጥር እንጂ ስም አልነበረም። ስድሳ አንዱ እነማን ናቸው? ጦርነቱ በደጁ አልፎ ለሄደው የጣርማበር ወይም የመንዝ ሰው፣ ድጋፍም ይሁን ተቃውሞ፣ የእሱ ተመራጭ በዚያች ቀን የት እንደቆመ ማወቅ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በየአባሉ ስም የተዘረዘረ የድምፅ መዝገብ ለሕዝብ በማይቀርብበት ሁኔታ፣ እጁን አውጥቶ የተቃወመውም ያልተቃወመውም በመራጩ ፊት እኩል ይሆናል፤ ደፋሩ አይመሰገንም፣ ዝም ያለውም አይጠየቅም። መራጭ እምነት ካጣበት ተመራጩን ከቦታው ማንሳት እንደሚችል ሕገ መንግሥቱ ይደነግጋል፤ ምን እንዳደረገ የማያውቀውን ሰው ግን በምን ያነሳዋል?

የቀድሞው ቋንቋችን ለተወካይ የሰጠው ስም «እንደራሴ» ነው። በነገሥታቱ ዘመን እንደራሴ የሚባለው በንጉሡ ቦታ ሆኖ የሚያስተዳድር ሰው ነበር፤ በአንኮበር ቤተ መንግሥት የሚኖረው ጌታ ራሱ በማይገኝበት ቦታ ራሱን የሚወክለው ሹም ማለት ነው። በ1924 ዓ.ም. የመጀመሪያው ፓርላማ ሲከፈትም የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን የመረጡት መኳንንቱና የየአገሩ ሹሞች ነበሩ። በደርግ መጨረሻ የተቋቋመው ብሔራዊ ሸንጎ 835 አባላት ነበሩት፤ ወንበሩ በዛ እንጂ የሚጠየቅበት አቅጣጫ አልተለወጠም። «እንደ ራሴ» የሚለው ቃል ትርጉሙ ወደ ታች፣ ወደ መራጩ የዞረው በወረቀት ላይ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው።

ስለ አመራሩ ስንነጋገር በቅድሚያ የሚታየው የአፈ ጉባኤው አለመለወጥ ነው። ዳዊት ዮሐንስ ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለት ዘመን፣ ተሾመ ቶጋ አንድ ዘመን፣ አባዱላ ገመዳ ከ2003 እስከ 2010 ዓ.ም. ምክር ቤቱን መሩ። ከዚያ ወይዘሮ ሙፈሪያት ካሚል የመጀመሪያዋ ሴት አፈ ጉባኤ ሆነው በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. ቢመረጡም በወራት ውስጥ ወደ ሰላም ሚኒስቴር ሄዱ፤ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. አቶ ታገሠ ጫፎ በእሳቸው ቦታ ተመረጡ። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ስድስተኛው ምክር ቤት ሲከፈት የተመረጡትም እሳቸው ናቸው። በዚያው ዕለት የአማራ ክልል ርእሰ መስተዳድር የነበሩት አቶ አገኘሁ ተሻገር የፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆኑ።

አፈ ጉባኤ የጉባኤው አፍ ነው። አፈ ንጉሥ በንጉሡ ስም ይፈርድ እንደነበረ ሁሉ፣ አፈ ጉባኤም የሚናገረው በጉባኤው ስም ነው ማለት ነው። ሥልጣኑ ግን ከስሙ ይልቅ ጊዜን በማከፋፈል ላይ ነው የሚገለጠው፦ የትኛው ረቂቅ መቼ ይቀርባል፣ ወደ የትኛው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል፣ ጥያቄ ለመጠየቅ እጁን ካወጣው ሰው ለማን ዕድል ይሰጣል፣ ተናጋሪው መቼ ይቋረጣል የሚለው። አራት መቶ ሰባ ሰው ባለበት አዳራሽ አንድ አባል በዓመት ውስጥ በሙሉ ጉባኤ የሚናገርበት ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ስለሆነ፣ ማይክራፎኑን የሚሰጠው ሰው ውክልናውንም አብሮ ያከፋፍላል።

ሌሎቹ ከፍተኛ ቦታዎች ግን በዘመኑ መካከል ተለዋውጠዋል። በጥር 2016 ዓ.ም. ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ አቶ ደመቀ መኮንን በአቶ ተመስገን ጥሩነህ ተተኩ። መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ አምባሳደር ታዬ አጽቀ ሥላሴን ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጠ። ፕሬዚዳንቱ የሚመረጡት ለስድስት ዓመት፣ ምክር ቤቱ ደግሞ ለአምስት ዓመት በመሆኑ የአንዱ ዘመን በሌላው ላይ ይረግጣል፤ በ2011 ዓ.ም. በአምስተኛው ምክር ቤት ዘመን የተመረጡት ወይዘሮ ሣህለ ወርቅ ዘውዴ የስድስተኛውን መክፈቻ ንግግር ያደረጉትም በዚህ ምክንያት ነው።

ምክር ቤቱ ሰሜን ሸዋን በቀጥታ የነካው በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ነበር። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ለአማራ ክልል የታወጀውን አዋጅ ምክር ቤቱ ነሐሴ 8 ቀን በአስቸኳይ ስብሰባ አጸደቀ። መደበኛው የሥራ ዘመን ሰኔ 30 ስለሚዘጋ አባላቱ በዕረፍት ላይ ነበሩ፤ ሕጉ በዚህ ጊዜ የሚሰጠው 15 ቀን ሲሆን ውሳኔው በአሥራ አንደኛው ቀን ደረሰ። ማጽደቅ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል፤ ስድስት ወሩ ሲያልቅ ጥር 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ለአራት ወር ተራዘመ። ከላይ ስለ ወንበር ቁጥር ያልነው ሁሉ እዚህ ላይ ነው ሥጋና ደም የሚለብሰው። መንገድ በተዘጋበት፣ ስልክ በየጊዜው በሚጠፋበት ዞን ተመራጩ በዕረፍት ወራት ወደ ምርጫ ክልሉ ወርዶ መራጩን ያነጋግራል የሚለው ልማድ የሚፈጸምበት ዕድል ጠባብ ነው፤ መራጩ ያላገኘውን ተመራጭ ስም ቢረሳ አይፈረድበትም።

በጀትም እንዲሁ። ምክር ቤቱ ለ2015 ዓ.ም. 786.6 ቢሊዮን፣ ለ2016 ዓ.ም. 801.6 ቢሊዮን፣ ለ2017 ዓ.ም. 971.2 ቢሊዮን ብር አጸደቀ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በኅዳር 2017 ዓ.ም. 582 ቢሊዮን ብር ገደማ ተጨማሪ በጀት ታከለ፤ የ2018 ዓ.ም. በጀት ደግሞ ወደ 1.93 ትሪሊዮን ብር ደረሰ። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ አባል «የእኔ ወረዳ መንገድ» ብሎ የሚያስገባው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ረቂቁ ከገንዘብ ሚኒስቴር ተዘጋጅቶ፣ በሚኒስትሮች ምክር ቤት አልፎ ይመጣል፤ የፕላን፣ በጀትና ፋይናንስ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ይመረምረዋል፤ በጀቱ በሚጸድቅበት ቀን አባላት ተነስተው መንገዱ፣ ድልድዩ፣ ሆስፒታሉ ለምን ዘገየ ብለው ይጠይቃሉ፤ ከዚያ እጅ ይወጣል። እውነተኛው ጉልበት ያለው በመስክ ምልከታና በኦዲት ሪፖርት ላይ ነው፤ የተጀመረ ፕሮጀክት ለምን እንደቆመ መሥሪያ ቤቱን አስቀርቦ በመጠየቅ ላይ። ይህንን የሚያደርጉ አባላት አሉ፤ ግን ሥራቸው ከአራት ኪሎ አዳራሽ ወጥቶ እስከ እነዋሪ ገበያ አይደርስም።

ሰባተኛው ጠቅላላ ምርጫ በ2018 ዓ.ም. እንዲካሄድ ታቅዷል። ሕገ መንግሥቱ የነባሩ ምክር ቤት ዘመን ከማብቃቱ አንድ ወር በፊት ምርጫው እንዲጠናቀቅ ያዛል፤ በመስከረም 2019 ዓ.ም. አዲሱ ምክር ቤት መከፈት አለበት። ከደጋው ወገን ዳግም ዕጩ ሆኖ የሚቀርብ አባል ካለ፣ መጋቢት 13 ቀን 2015 ዓ.ም. እጁን ከስድሳ አንዱ ጋር አውጥቶ እንደሆነ፣ በነሐሴ 8ቱ ስብሰባም የት ወገን እንደነበረ ፊት ለፊት መጠየቅ ይቻላል። በሸዋሮቢት ግን ይህን ጥያቄ የሚመልስ ሰው የለም፤ ወንበሩ በዚያን ቀን ባዶ ነበር።